ውሃ ከጠጣ በኋላ የሚረግፍ ቅጠል

ብርቱካን ተክሎ ያሳደገ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። በጋው ጠንክሮ ውሃ ሲጠፋ ዛፉ ቅጠሉን አጠውልጎና ጠቅልሎ ይሰነብታል እንጂ ቶሎ አይጥልም። ውሃ በጠገበ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግን ቅጠሉ ይዘንባል። «ውሃው ገደለው እንዴ?» ያሰኛል። መልሱ ያለው ሥሩ ዘንድ ነው።

የብርቱካን፣ የሎሚና የመንደሪን ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው የተዘረጉት በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው። ፀሐይ ቀድማ የምታግለውና የምታደርቀውም ይህንኑ ነው። የአፈሩ ሙቀት ከ36 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ካለፈ ሥሩ ማደጉን ያቆማል።

አፈሩ ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የተባለ ሆርሞን በዛፉ ውስጥ ይበዛል፤ የቅጠሉ ጥቃቅን ቀዳዳዎችም ይዘጋሉ። ውሃው ይቆጠባል፤ ቁጠባው ግን ዕዳ አለው። ሰው በላቡ እንደሚቀዘቅዝ ሁሉ ቅጠልም የሚቀዘቅዘው ውሃ በማትነን ነውና ቀዳዳው ሲዘጋ ይግላል። ካርቦን ዳይኦክሳይድም መግቢያ ስለሚያጣ ቅጠሉ የሚያዘጋጀው ስኳር ያንሳል፤ ከላይ በሚወርድለት ስኳር የሚኖረው ሥርም ይራባል። ድርቅ «ዝጋ» ሲል ሙቀት «ክፈት» ይላል፤ ሁለቱ አብረው የመጡበት ዛፍ መከራው የሚበዛው ለዚህ ነው።

ወደ ቅጠሉ እንመለስ። ቱዴላ እና ፕሪሞ ሚሊዮ የተባሉ የስፔን ተመራማሪዎች በ1992 እ.ኤ.አ. ክሊዮፓትራ በተባለ የመንደሪን ዝርያ ችግኞች ላይ ያገኙትን አሳተሙ። በውሃ ጥም ወቅት ኤሲሲ የተባለ ንጥረ ነገር ሥር ውስጥ ይጠራቀማል። ችግኙ ውሃ ሲያገኝ ኤሲሲው ከውሃው ጋር ሽቅብ ወጥቶ ቅጠሉ ውስጥ ወደ ኤቲሊን ጋዝ ይለወጣል። ኤቲሊን ሙዝን የሚያበስለው ጋዝ ነው፤ እዚህ ግን ቅጠሉን ከእንጨቱ ያላቅቀዋል። የተጠማ ሥር የላከው መልእክት የሚደርሰው መንገዱ ውሃ ሲያገኝ ነው ማለት ነው።

የጥም አቻቻል ከሥር ሥር ይለያያል። በገበያ የሚሸጥ ብርቱካን ብዙውን ጊዜ የሚለቀመው በሌላ ዝርያ ሥር ላይ ከተዳቀለ ዛፍ ነው። በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎ ያለ መስኖ የሚያለሙ ገበሬዎች ራንግፑር ሎሚን ለሥርነት የመረጡት ድርቅ ስለሚችል ነው።

ጓሮው አንድ ዛፍ ያለው ሰውም የሚያደርገው አያጣም። ከዛፉ ሥር ሣር ወይም ገለባ ቢጎዘጉዝ አፈሩ አይግልም፤ እርጥበቱም ይቆያል። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ብቻ ይጠንቀቅ። ውሃውንም አፈሩ ጨርሶ ሳይደርቅ ቢያጠጣ ኤሲሲው አይከማችም። ቅጠሉ ረግፎ ከሆነም መጥረቢያ ከማንሳቱ በፊት የቅርንጫፉን ልጥ በጥፍሩ ፋቅ ያድርግ። ውስጡ አረንጓዴ ከሆነ ዛፉ አልሞተም፤ ያቆጠቁጣል።