የመብል ቍጥርና የቤት ሙያ

ሰው የሚበላውን ዐውቆ ሊበላ ይገባዋል። በቀድሞው ዘመን አብዛኛው ሰው የሚመገበው በገዛ ቤቱ የተዘጋጀውን ስለ ነበረ፤ መብሉ ከምን እንደ ተሠራ መጠየቅ አያሻውም ነበር። ዛሬ ግን፤ ይልቁንም በአሜሪካና በአውሮፓ በሚኖሩ ቤተ ሰቦቻችን ዘንድ፤ አባትም እናትም በሥራ ውለው ደክመው ስለሚመለሱ የምግብ ቤት መብል የዘወትር ነገር ሆኗል። በዚያም በብዙ ምግብ ቤቶች ከመብሉ ስምና ከዋጋው አጠገብ ሌላ ቍጥር ተጽፎ ይታያል። ብዙዎች አይተው እንዳላዩ ያልፉታል። ስለዚህ ይህ ቍጥር ምን እንደሚነግረን፤ ምንስ እንደማይነግረን፤ ለቤታችን ድስትም ምን ትምህርት እንደሚሰጥ በዚህ ጽሑፍ ጥቂት እንናገራለን።

ቍጥሩ የካሎሪ ቍጥር ነው። ካሎሪ ማለት የኀይል መለኪያ ሲሆን፤ በመብል ነገር አንድ ካሎሪ የሚባለው 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ኀይል ነው። እንጨት በምድጃ ነዶ ሙቀት እንደሚሰጥ ሁሉ፤ መብልም በሰውነታችን ውስጥ ኀይል ይሆናል። ዊልበር አትዋተር የተባለው አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ሊቅ (1844–1907) ሰውን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አስቀምጦ፤ የሚበላውንና ከሰውነቱ የሚወጣውን ሙቀት እየለካ ይህን ነገር በብዙ ትጋት መርምሯል። ከእርሱ ምርምር የተገኘው ስሌት እስከ ዛሬ ይሠራበታል፤ ይኸውም 1 ግራም ፕሮቲን 4 ካሎሪ፤ 1 ግራም ካርቦሃይድሬት 4 ካሎሪ፤ 1 ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል። አንባቢ ይህችን 9 ቍጥር በልቡ ይያዛት፤ ኋላ ወደ ድስቱ ስንመጣ ትፈለጋለችና።

ቍጥሩን በመብል ዝርዝር ላይ በማስጻፍ ከአሜሪካ ከተሞች ኒው ዮርክ ቀዳሚ ሆና እ.ኤ.አ. በ2008 ደንቡን በሥራ ላይ አዋለች። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ነገሩን ለአገሪቱ ሁሉ አደረገውና፤ ከግንቦት ወር (ሜይ) 7 ቀን 2018 ጀምሮ በአንድ ስም 20 ወይም ከዚያ በላይ ቅርንጫፍ ያላቸው ምግብ ቤቶች ሁሉ እንዲጽፉ ግድ ሆነ። እንግሊዝም በኤፕሪል 6 ቀን 2022፤ 250 ወይም ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባላቸው ድርጅቶች ላይ ተመሳሳይ ደንብ አጽንታለች። በአሜሪካ ዝርዝር ግርጌ፤ ለአጠቃላይ ምክር በቀን 2,000 ካሎሪ መለኪያ እንደ ተደረገና የእያንዳንዱ ሰው ፍላጎት ግን እንደሚለያይ የሚገልጽ ቃል ይገኛል። ገበያተኛውም ከጠየቀ፤ የጨውን፤ የስኳርንና የቅባትን መጠን የሚያሳይ ጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል። ይህን መጠየቅ መብት እንጂ ነውር አይደለም።

ሆኖም ግን ቍጥሩ የማይናገረው ብዙ ነገር አለ። አንደኛ፤ በውጭ አገር ያሉት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች አብዛኛዎቹ በአንድ ወይም በጥቂት ስፍራ ብቻ የቆሙ ስለ ሆኑ ሕጉ አይነካቸውም፤ ስለዚህ በበያይነቱ ትሪ ላይ ቍጥር አናገኝም።

ሁለተኛ፤ ካሎሪ ኀይልን ይለካል እንጂ የመብሉን ጠባይ አይናገርም። 355 ሚሊ ሊትር የሚይዝ አንድ ጣሳ ኮካ ኮላ 140 ካሎሪ አለው፤ ኀይሉም ሁሉ ከ39 ግራም ስኳር የመጣ ነው። አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር 230 ካሎሪ ያህል ቢኖረውም፤ ከዚያ ጋር 18 ግራም ፕሮቲንና አንጀትን የሚረዳ 15 ግራም ፋይበር ይሰጣል። ቍጥሩን ብቻ የሚመለከት ሰው ጣሳውን ከምስሩ የተሻለ አድርጎ ሊቈጥር ነው፤ ሆዱና ደሙ ግን ልዩነቱን ያውቃሉ።

ሦስተኛ፤ ጨው ምንም ካሎሪ የለውም። የዓለም የጤና ድርጅት ለአንድ ዐዋቂ በቀን ከ5 ግራም ያነሰ ጨው እንዲበቃው ይመክራል፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ የማይሞላ ነው። የደም ግፊት ያለበት አባት የካሎሪውን ቍጥር አይቶ ትንሹን ቢመርጥ፤ በዚያው ትንሽ መብል ውስጥ የቀን ጨውን ሁሉ ሊወስድ ይችላል።

ደግሞም ቍጥር ብቻውን እጅን አይመልስም። ኮክራን የተባለው የጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው የ25 ጥናቶች ምርመራ እንደሚያሳየው፤ በመብል ላይ የካሎሪ ቍጥር መጻፉ ሰዎች የሚመርጡትን በ1.8 ከመቶ ያህል ይቀንሳል። ይህም በ600 ካሎሪ መብል ላይ 11 ካሎሪ ማለት ነው። ለብዙ ሕዝብና ለብዙ ዓመት ሲደመር የሚናቅ አይደለም፤ በቤት ድስት ላይ ሊደረግ ከሚቻለው ጋር ሲተያይ ግን እጅግ ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ድስቱ እንምጣ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ያህል አለው፤ ቅቤም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሁለት ማንኪያ ዘይት ከአንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ይበልጣል ማለት ነው። ለስድስት ሰው በሚሠራ ወጥ ውስጥ አንድ ኩባያ ዘይት፤ ማለት 16 የሾርባ ማንኪያ፤ ቢፈስስበት 1,920 ካሎሪ ከዘይቱ ብቻ ይገባል፤ ለእያንዳንዱም 320 ይደርሰዋል። ባለሙያዋ ግማሹን ብትተው ለእያንዳንዱ ሰው 160 ካሎሪ ቀነሰችለት። የምግብ ቤቱ ሰሌዳ 11 የቀነሰውን እርስዋ በአንድ እጅ መሰብሰብ ከዐሥር እጥፍ በላይ አደረገችው።

ይህ ነገር ይልቁንም በጾም ወራት ልብ ሊባል ይገባዋል። የጾም መብል ሥጋና ቅቤ ስለሌለበት ብቻ ቀላል ነው ብለን እንገምታለን። ነገር ግን ዘይቱ ከላይ እስኪንሳፈፍ የተሠራ ሽሮ፤ በዘይት የተጠበሰ ድንችና ሳምቡሳ፤ ከዚያም ላይ ለስላሳ መጠጥ ሲጨመር፤ ከፍስክ ማዕድ የሚበልጥ ሆኖ ይገኛል። ይህ ለሥጋ የማይበጅ ከመሆኑም በላይ ራስን ከመግዛት ዓላማም ይርቃል።

መድኀኒቱ ከሩቅ የሚመጣ አይደለም፤ በእናቶቻችን ሙያ ውስጥ ያለ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት በለዘበ እሳት ማቁላላት፤ ሲይዝም ውሃ ጠብ እያደረጉ ማብሰል የቈየ ልማዳችን ነው። ቍሌቱ በዚህ ዐይነት በሚገባ ከበሰለ ጥቂት ዘይት ይበቃዋል። ዘይትን ከጠርሙሱ በቀጥታ ከማፍሰስ በማንኪያ መለካት ይሻላል፤ የለካ እጅ ያውቃልና። ሽሮና በርበሬ ሲዘጋጁ ጨው የሚገባባቸው ጊዜ ስላለ፤ ጨውን በመጨረሻ ቀምሶ መጨመር ያስፈልጋል። ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና መከለሻ ጣዕሙን ሲያነሡት ምላስ ብዙ ጨው አይፈልግም። በትሪውም ላይ ምስሩ፣ ክኩ፣ ጎመኑና ካሮቱ ይብዛ፤ ጥብሱ ይነስ።

በመሶብ ዙሪያ በአንድነት ስንበላ እንጀራ እየተጨመረ ስለሚሄድ ማን ምን ያህል እንደ በላ አይታወቅም። ስለዚህ እንጀራውን በቤተ ሰቡ ቍጥር አስቀድሞ ወስኖ ማቅረብ መልካም ነው። ጉርሻን ግን ማንም አይከልክል፤ ፍቅር በካሎሪ አይለካም። ለስላሳውን በውሃ መለወጥ ጉርሻ ከመተው ይልቅ ብዙ ይጠቅማል።

አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምር። የሚያድጉ ልጆች፤ ነፍሰ ጡሮችና የሚያጠቡ እናቶች፤ አቅማቸው የደከመ አረጋውያን በቍጥር ፍርሃት መብል ሊጐድልባቸው አይገባም። የስኳር በሽታ ኖሮበት መድኀኒት የሚወስድ ሰው መብሉንም ጾሙንም ከሐኪሙና ከንስሓ አባቱ ጋር ተማክሮ ይወስን።

ይህን ሁሉ በአንድ ቀን ለመፈጸም የሚሞክር ቤተ ሰብ ቶሎ ይሰለቻል። ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፤ በዚህ ሳምንት የዘይቱን ማንኪያ፤ በሚመጣው ጨውን፤ ከዚያም መጠጡን ማስተካከል ይቻላል። ወንዶች ልጆችም ከሴቶቹ ጋር ወጥ ቤት ገብተው ዘይቱን ይለኩ፤ ሽንኩርቱን ያቁላሉ፤ ነገ በሰው አገር ብቻቸውን ሲኖሩ ከምግብ ቤት ሰሌዳ ይልቅ የሚጠብቃቸው ይህ ሙያ ነውና። ምግብ ቤት ስንገባ ቍጥሩን እናንብብ፤ የማይናገረውንም እንጠይቅ። የምንበላውን በእውነት የምንወስነው ግን በገዛ ምድጃችን አጠገብ፤ በእጃችን በያዝነው ማንኪያ ነው።