ድምፁ የቀነሰ መካኒካል ኪቦርድ በአነስተኛ ወጪ ስለመምረጥ

በርካታ ሠራተኞች በጋራ በሚገለገሉበት ቢሮ የመካኒካል ኪቦርድ ድምፅ ሥራን ሊያውክ ስለሚችል፣ ግዥ ከመፈጸሙ በፊት የስዊቹን ዓይነት መለየት ያስፈልጋል።

በመካኒካል ኪቦርድ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር በሞላ የሚሠራ ስዊች ይገኛል። ስዊቾቹ በተለምዶ በቀለም ይለያሉ። ሰማያዊዎቹ በእያንዳንዱ ምት የጠቅታ ድምፅ ስለሚያሰሙ ለጋራ ቢሮ አይመከሩም። ቡናማዎቹ ቁልፉ መሥራቱን ጣት በሚሰማው ቀላል እክል ያሳውቃሉ፤ ቀዮቹ ደግሞ ያለ እክል ይወርዳሉ። ሁለቱም ጠቅታ ባይኖራቸውም ቁልፉ ወርዶ ሲያርፍና ሲመለስ በሚፈጠረው ግጭት ድምፅ ይሰጣሉ። በመሆኑም ቀይ ስዊች ድምፅ አልባ ነው የሚለው አመለካከት ትክክል አይደለም።

ይህን ግጭት የሚያለዝቡት በውስጣቸው አነስተኛ የጎማ ትራስ የተገጠመላቸው «ሳይለንት» የተባሉት ስዊቾች ናቸው። ከጀርመኑ ቼሪ ኩባንያ በተጨማሪ ጌቴሮንና ካይልን የመሳሰሉ የቻይና አምራቾች በዝቅተኛ ዋጋ ያቀርቧቸዋል። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ኪቦርድ ያለው መሥሪያ ቤትም ስዊቾቹን ብቻ በመለወጥ ወጪ መቆጠብ ይችላል።

በጀቱ የማይፈቅድ ከሆነ ከቁልፎቹ ሥር የጎማ ንጣፍ ያለው ተራ ኪቦርድ ከሰማያዊው መካኒካል ይልቅ ድምፁ ዝቅተኛ፣ ዋጋውም ቅናሽ ነው። ስለሆነም በግዥ ፍላጎት መግለጫ ላይ «መካኒካል» ከሚለው ቃል ጋር የስዊቹ ዓይነት በግልጽ ሊሰፍር ይገባል።