ከሚሲዮናዊቷ በስተ ኋላ የነበሩ እናት

የሜሪ ስሌሰርን ስም ሳትሰሙ አትቀሩም። በዛሬዋ ናይጄሪያ፣ በካላባር አካባቢ፣ እንደ እርግማን ተቆጥረው ይጣሉ የነበሩ መንታ ሕፃናትን ከሞት ያተረፈች፣ እ.ኤ.አ. በ1915 እዚያው ያረፈች ስኮትላንዳዊት ሚሲዮናዊት ናት። በ1997 ምስሏ በስኮትላንድ የ10 ፓውንድ ኖት ላይ ወጥቷል። ዛሬ ላስታውሳችሁ የምወደው ግን ምስላቸው በገንዘብ ላይ ያልወጣውን እናቷን ነው።

ወይዘሮ ስሌሰር ሸማኔ፣ የሰባት ልጆችም እናት ነበሩ። ባለቤታቸው ጫማ ሰፊ ሲሆኑ መጠጥ አሸንፏቸው ነበር። ቤተሰቡ ከአበርዲን ወደ ደንዲ ከተማ ቢዛወርም መጠጡ አብሮ ተዛወረ። ስለዚህ እናት ፋብሪካ ገቡ። ሜሪም በ11 ዓመቷ ግማሹን ቀን በፋብሪካ፣ ግማሹን በትምህርት ቤት ማሳለፍ ጀመረች።

ቅዳሜ ማታ እናትና ልጅ ራሳቸው ሳይጠግቡ ለአባት ራት አስቀምጠው፣ እየሰፉ ይጠብቁ ነበር። አባት ሰክረው ይመጡና ምግቡን እሳት ውስጥ ይጥሉታል። ሜሪ በሌሊት ወደ ጎዳና የተባረረችበት ጊዜም ነበር። እናት ይህን ሁሉ ከቤተ ክርስቲያን ሰዎች ሸሽገው ኖሩ።

እህቴ ሆይ፣ እዚህ ላይ እንደ መጋቢ ሚስት አንድ ነገር ልንገርሽ። ገመናን መሸፈን በእኛም ዘንድ እንደ ጨዋነት ይቆጠራል። የእኚህን እናት ትዕግሥት አከብራለሁ፤ ዝምታቸውን ግን አርአያ አድርጌ አልሰጥሽም። ቤትሽ በመጠጥና በዱላ የሚታወክ ከሆነ ለምታምኛቸው ሰዎች ተናገሪ። እንዲህ ያለውን ሸክም ለብቻ መሸከም መንፈሳዊነት አይደለም። ወንድሜ ሆይ፣ አንተም በዚህ እስራት ካለህ፣ ልጆችህ የእግርህን ኮቴ ሰምተው ከመፍራታቸው በፊት እርዳታ ፈልግ።

ታዲያ ከዚያ ቤት ሚሲዮናዊት እንዴት ወጣች? እናት ልጆቻቸውን እሑድ እሑድ ወደ ቤተ ክርስቲያን ይወስዱ ነበር። ስለ ካላባር ወንጌል ሥራም ያወሩላቸው ነበር። ልጃቸው ሮበርት ሚሲዮናዊ እንዲሆን ተመኝተው ነበር፤ እርሱ ግን ሞተ። በ1874 የዴቪድ ሊቪንግስተን ሞት ዜና በተሰማ ጊዜ ሜሪ ጥሪዋን ለእናቷ ነገረች።

አስቡት! የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የምትሸፍነው ሜሪ ነበረች። እናት «ማን ይጦረኛል?» ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? እርሳቸው ግን በደስታ ፈቀዱ። ሜሪ በ1876 የተሳፈረችበት መርከብ ስሙ «ኢትዮጵያ» ነበር። በዚያው መርከብ ላይ የመጠጥ በርሜሎች ሲጫኑ አየች፤ የአባቷን ቤት ያፈረሰው ነገር አብሯት እየሄደ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ፈተናው ከበደ። ሜሪ ለዕረፍት መጥታ ነበር፤ እናት ግን ደክመዋል፣ እህቷም ታማለች። ሜሪ ሄዳ ታገልግል ወይስ ቀርታ ታስታምም? እናት ልጃቸውን ከእግዚአብሔር እንደ ተቀበሏት፣ ለእርሱም መልሰው እንደ ሰጧት ተናግረው አሰናበቷት። እርሷም የምታስታምም ሰው አግኝታ ሄደች። ብዙም ሳይቆይ እናትም እህትም አረፉ። ሜሪ እጅግ አዘነች፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን፣ በ1888፣ ማንም ሊገባበት ወደማይደፍረው ወደ ኦኮዮንግ ምድር ገባች።

ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችን ሐኪምና መሐንዲስ እንዲሆኑ፣ ውጭ አገርም እንዲሄዱ እንጸልያለን፤ መልካም ነው። ጌታ ግን ወደ አንዲት ሩቅ ገጠር ቢጠራቸውስ? «ሂድ» ለማለት ልባችን ተዘጋጅቷልን? ዛሬ ማታ በማዕድ ዙሪያ ስትቀመጡ ስለ ጌታ ሥራ አንድ ታሪክ ንገሯቸው። ምናልባት ዘሩ የሚወድቀው እዚያ ነው።

ጌታ ቤታችሁን ይባርክ።