ከደም ካሳ እስከ ማረሚያ ቤት

ሰው ገድሎ አሥር ወይም አሥራ አምስት ዓመት የታሰረ ሰው ፍርዱን ጨርሶ ሲወጣ በብዙው የአገራችን ገጠር ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። ዘመዶቹ ሽማግሌ ልከው ካሳ ካልከፈሉ፣ ዕርቅ ካልወረደ፣ ወደ ቀዬው መመለስ አይችልም፤ ቢመለስም ደመኛው ይጠብቀዋል። መንግሥት ቀጥቶ ጨርሷል፤ የሟች ወገን ግን አልተካሰም። ስለ ወንጀል መንስኤና ስለ ቅጣት የሚደረገው ክርክር ብዙ መልክ አለው፤ በእኛ አገር ግን ይህን ክፍተት ሳይነካ የሚያልፍ ክርክር ጎደሎ ነው ብዬ አምናለሁ።

ወንጀል ከየት ይመጣል የሚለውን ጥያቄ በቁጥር ለመመለስ ቀድመው ከሞከሩት መካከል ቤልጂየማዊው አዶልፍ ኬትሌና ፈረንሳዊው አንድሬ ሚሼል ጌሪ ይገኛሉ። በ1820ዎቹና በ1830ዎቹ (የውጭው ታሪክ ዘመን በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የፈረንሳይን የፍርድ መዝገብ ሲመረምሩ የወንጀሉ ብዛት ከዓመት ዓመት እምብዛም እንደማይለዋወጥ አዩ። ጌሪ ደግሞ ስርቆት የበዛው ድሃ በሆኑት አውራጃዎች ሳይሆን ሀብት በተከማቸባቸው በሰሜኖቹ መሆኑን አገኘ። በ1876 ጣሊያናዊው ሐኪም ቼዛሬ ሎምብሮሶ ወንጀለኛ ሆኖ የሚወለድ ሰው አለ፣ ከራስ ቅሉና ከመንጋጋው ይታወቃል አለ። ሐሳቡ ውድቅ ከሆነ ቆይቷል፤ «ድሮም ዘሩ ነው» የሚለው ፍርድ ግን በየሰፈሩ ዛሬም ይሰማል፤ ብዙ ልጆችንም ይጎዳል።

ከሎምብሮሶ በኋላ የመጡት ዓይናቸውን ከግለሰቡ ወደ ማኅበረሰቡ አዞሩ። አሜሪካዊው ሮበርት ሜርተን በ1938 እንዳስረዳው፣ ማኅበረሰብ ሁሉም ሰው ሀብታም እንዲሆን እየገፋፋ በሩን ግን ለጥቂቶች ብቻ ሲከፍት የቀሩት አንዳንዶቹ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ። ከገጠር መጥቶ የአዲስ አበባ ሕንፃዎች ሲወጡ እያየ መንገድ ዳር የሚያድር ወጣት ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል። ቺካጎን ያጠኑት ክሊፎርድ ሾውና ሄንሪ መኬይ ደግሞ ነዋሪው ሕዝብ እየተለዋወጠ እንኳ የወጣቶች ጥፋት በእነዚያው ሰፈሮች እንደሚቆይ አሳዩ።

ሆኖም «ድህነት ወንጀልን ይወልዳል» የሚለውን እንዲሁ ልቀበለው አልችልም። አብዛኛው ድሃ የሰው ገንዘብ ሳይነካ ይኖራል። ኤድዊን ሰዘርላንድ በ1939 ትኩረት እንዲሰጠው የጠየቀው የባለ ሥልጣንና የነጋዴ ወንጀል ደግሞ ከጦም አዳሪነት የሚመጣ አይደለም። የእኛን ገጠር የነፍስ ግድያም የቺካጎ ጥናት ብቻውን አይፈታውም። መነሻው የእርሻ ወሰን፣ የግጦሽ መሬት፣ የመስኖ ውሃ፣ የውርስ ጠብ ነው። በበዓልና በሠርግ የሚጠጣ አረቄ፣ በእጅ ያለ መሣሪያም አለ። ከሁሉም የሚከብደው የቆየ ደም ነው። ሕጉ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ደም መመለስ ግድያ ነው። መንደሩ ግን የወንድሙን ደም ያልመለሰውን ሰው በዓይኑ ይወጋዋል፤ ገዳዩ ከገደለ በኋላ የሚያስበው ጫካ ስለመግባት እንጂ ሕጉ ስለደነገገው የእስር ዘመን አይደለም።

ታዲያ ቅጣት ምን ይሠራል? ሚላናዊው ቼዛሬ ቤካሪያ በ1764 የሰጠው መልስ እስካሁን የጸና ነው፦ ሰውን ከጥፋት የሚመልሰው የቅጣቱ ጭካኔ ሳይሆን የማይቀር መሆኑ ነው። የዘመናችን ጥናቶችም ወደዚያው ያዘነብላሉ፤ ያለመያዝ ተስፋ ያለው ሰው ሃያ ዓመትና ሃያ አምስት ዓመትን አያወዳድርም። በጥናት ከተረጋገጡት ነገሮች አንዱ ወንጀል በአፍላ ወጣትነት ጫፍ ደርሶ ከዚያ መቀነሱ ነው። ስለዚህ ረጅም እስር ከሚበላቸው ዓመታት ብዙዎቹ ሰውየው ያለ እስርም ወንጀሉን ሊተው ይችል ከነበረበት ዕድሜ ላይ የሚቆረጡ ናቸው።

አባቶቻችን ዋናው ችግር አጥፊውን ማግኘት እንደሆነ ያውቁ ነበር። በአውጫጭኝ የአካባቢው ሰው ተሰብስቦ አጥፊው እስኪታወቅ ድረስ ሥራውን ፈትቶ ይቀመጣል፤ የቀረ ይቀጣል። በሌባ ሻይ መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ የገባበት ቤት ባለቤት ያለ ሌላ ማስረጃ ሌባ ይባል ነበር። አውጫጭኝ ቢያንስ የመንደሩን ዕውቀት ይጠቀም ነበር፤ ሌባ ሻይ ግን ንጹሕን ያስጨነቀ ግፍ ነው፤ መቅረቱም ተገቢ ነው።

ቅጣቱን በተመለከተ ለዘመናት መሠረት የነበረው ፍትሐ ነገሥት ነው። በቆየው የአገሪቱ ልማድ በሞት የተፈረደበት ገዳይ ለሟች ወገን ይሰጥና እነሱ ደሙን መመለስ ወይም የደም ካሳ ተቀብለው መማር ይችሉ ነበር። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ወንጀለኛ መቅጫ ሕግ፣ ከዚያም ስዊዘርላንዳዊው ፕሮፌሰር ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949ኙ ሕግ ቅጣትን ሙሉ በሙሉ ወደ መንግሥት እጅ አዞሩት። የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በዚያው ቀጠለ። አንቀጽ 1 የቅጣትን ዓላማ ሲዘረዝር ማስጠንቀቅን፣ ማስተማርን፣ ማረምን ይጠቅሳል፤ ብቀላን አይጠቅስም። ይህን ትልቅ እርምጃ ብዬ እወስደዋለሁ። ግን ተበዳዩም አብሮ ወጣ፤ በችሎቱ በአብዛኛው ምስክር ሆኖ ቀረ።

የሞት ቅጣት ከሁሉ በላይ ያከራክራል። ሕጉ ይዞታል፤ ለተፈጸመ እጅግ ከባድ ወንጀልና ለተለየ አደገኛ አጥፊ ብቻ ይላል፤ ያለ ርዕሰ ብሔሩ ማጽደቅም አይፈጸምም። በተግባር የተፈጸመው እጅግ ጥቂት ጊዜ ነው። በ2003 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ሞት ተፈርዶባቸው የነበሩ የደርግ ባለ ሥልጣናት በሃይማኖት አባቶች ጥያቄ መነሻነት ፍርዳቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ፤ በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ብዙዎቹ ተፈቱ። ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ማን ጠይቆን አሉ። እኔ የሞት ቅጣትን እቃወማለሁ፤ ፍርድ ቤት ሲሳሳት መመለሻ የለውምና። የእነዚያ ቤተሰቦች ጥያቄ ግን ትክክለኛ ነበር።

ፍርድ ቤቶች ለተመሳሳይ ጥፋት የሚወስኑት ቅጣት መራራቁ ሌላው ቅሬታ ነበር። ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. አሻሻለው። ዳኛው ወንጀሉን በእርከን እየመዘነ፣ ማክበጃና ማቅለያውን እየጨመረና እየቀነሰ ይወስናል። ጠቃሚ ሥራ ነው፤ የሚያስተካክለው ግን የዓመቱን ቁጥር ብቻ ነው።

ዕርቅን ወደ ሕጉ መመለስ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው። የኦሮሞው ጉማ፣ በአማራው ገጠር ያለው የደም ማድረቅ ሥርዓት፣ የአፋሩ መድዓ ደም እንዳይመላለስ አድርገዋል። ኦሮሚያ በ2013 ዓ.ም. ለባህል ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ዕውቅና ሰጥታለች። ተቃዋሚዎቹም ከባድ ነገር አላቸው፦ በጠለፋና በአስገድዶ መድፈር ዕርቅ ማለት ሽማግሌዎች ልጅቷን ለጠላፊዋ መዳር ነበር። የ1949ኙ ሕግ ጋብቻው ከጸና ክሱን ያስቀር ነበር፤ የ1996ቱ ሕግ ይህን አስቀርቷል፤ ወደኋላ መመለስ የለበትም። ካሳ መክፈል የሚችል ባለጸጋም ነፍስን በገንዘብ እንዲገዛ መፍቀድ አይቻልም።

ዕርቁንና ሕጉን ማስማማት ግን ይቻላል። ዛሬ የገዳዩ ወገን ታርቆ ካሳ መክፈሉ በፍርድ ቤት ጸጸትን የሚያሳይ ማቅለያ ከመሆን አያልፍም፤ ከተነሳ ይታያል፣ ካልተነሳ ይቀራል። በነፍስ ግድያ ጉዳይ ዐቃቤ ሕጉ ክሱን ሲያደራጅ የሟችን ቤተሰብ ጠርቶ ጉዳቱን ቢመዘግብ፣ ፍርድ ቤቱ ከእስራቱ ጋር ካሳውን አብሮ ቢወስን፣ ማረሚያ ቤቱም እስረኛው በአመክሮ ከመፈታቱ በፊት ለሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ማስታወቅ ግዴታው ቢሆን፣ እስራቱ አንድ ቀን ሳያጥር የሚቀጥለውን ግድያ የመከላከል ዕድል ይኖረናል።