የፎገራ ረግረግና የንግዳችን ጥቅም

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በወረታ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ በክረምት ውሃ የሚተኛበትን የፎገራን ሜዳ አሳምሮ ያውቀዋል። ከጉና ተራራ በኩል የሚወርዱት የርብና የጉማራ ወንዞች ለም ደለል ተሸክመው በሜዳው ላይ ከተንጣለሉ በኋላ ወደ ጣና ሐይቅ ይገባሉ። ጎርፉ ሲጎድል ሸሸርና ወላላ በተባሉት ስፍራዎች የሚቀረው ውሃ ረግረግ ሆኖ ይቆያል።

አውሮፓ በብርድ በሚያዝበት ወራት ክሬን የተባሉት ባለ ረጅም እግር ወፎች ከሰሜን ተነሥተው ወደዚህ ሜዳ ይመጣሉ። ቀን ከአጨዳ የተረፈውን እህል ይለቅማሉ፤ ሌሊት አውሬ እንዳይደርስባቸው ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ስለዚህ ረግረጉ ከደረቀ ማደሪያ የላቸውም።

ይህ ጉዳይ የወፍ ብቻ ሆኖ የሚታየው ሰው ቢኖር፣ ገበያውን ደግሞ ይመልከት። ወፉን የሚያኖረው ውሃ በወተቱ የታወቀውን የፎገራን ከብት በሣር ይቀልባል። አምባዛ ዓሣ የሚራባው ጎርፍ በሸፈነው ሜዳ ነው። ከ1970ዎቹ ዓመታት ጀምሮ የተስፋፋው የሩዝ እርሻም በዚሁ ጎርፍ የሚኖር ነው። በሐይቁ ዳር የሚበቅለው ደንገል ደግሞ ደለሉን እያጠለለ ያስቀራል።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን በባዮስፌር ጥብቅ ክልልነት መዝግቧል። ይህም ማለት እርሻና ንግድ ይቁም ማለት አይደለም። ክልሉ በሦስት ይከፈላል፤ ይኸውም ፍጥረቱ ሳይነካ የሚጠበቅበት ዋና ክልል፣ በዙሪያው ጥንቃቄ ያለው ሥራ የሚፈቀድበት መከለያ፣ ከዚያም ውጭ ሕዝቡ የሚያርስበትና የሚነግድበት ስፍራ ነው።

ይሁን እንጂ መመዝገብ ብቻውን አይጠብቅም። ዳር ዳሩ እየታረሰ፣ በበጋም ውሃው በሞተር እየተሳበ ለመስኖ በመዋሉ ሸሸርና ወላላ እጅግ ጠበዋል። ከአንዱ በጋ ምርት የሚገኘው ትርፍ ግልጥ ነው፤ የሣሩ፣ የዓሣውና የወፉ መጉደል ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ሳይታይ ያልፋል። ዋና ገንዘቡን እንደ ትርፍ ቆጥሮ የሚበላ ነጋዴ ፍጻሜው ኪሳራ መሆኑን የማያውቅ የለም፤ ረግረጉም የፎገራ ንግድ ዋና ገንዘብ ነውና ከውሃው ድርሻውን ልንተውለት ይገባል።