ኤልፎችን ማን ሟች አደረጋቸው?

ስለ ኮምፒዩተር ጨዋታ መጻፍ ወረቀትና ቀለም ማባከን ነው የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ ዐውቃለሁ። ዳሩ ግን ባለፈው ሰሞን በመኝታ ክፍላችን አራት ሆነን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት የተከራከርነው ስለ ፈተናም ስለ ምግብ ቤቱ ወጥም አልነበረም። ያከራከረን ጥያቄ «አንድ የማይሞት ሕዝብ እንዴት ሟች ሊሆን ቻለ?» የሚል ነበር። ሕዝቡ በልብ ወለድ ዓለም የሚኖር ነው፤ ክርክሩ ግን የሚካሄደው በማስረጃ ነው። ምስክሮቹ ሁሉ ነገሩ የሚነካቸው ወገኖች ስለ ሆኑ፣ የማንን ቃል ተቀብሎ የማንን መጣል እንደሚገባ መመርመር ያስፈልጋል። ይህ ደግሞ የታሪክ ተማሪ ዘወትር የሚገጥመው ችግር ነው። ጨዋታውን ገና ያልጨረሰ ጓደኛ ምስጢሩን ከእኔ ባይሰማ ስለሚሻለው ይህን ገጽ ይለፈው።

ጨዋታው «ድራገን ኤጅ» ይባላል። ያዘጋጀው በካናዳ፣ በኤድመንተን ከተማ የሚገኘው ባዮዌር የተባለ ኩባንያ ነው። እስካሁን አራት ዋና ዋና ክፍሎች ወጥተዋል፤ የመጀመሪያው «ኦሪጅንስ» በ2009፣ ሁለተኛው በ2011፣ ሦስተኛው «ኢንኩዊዚሽን» በ2014፣ አራተኛው «ቬይልጋርድ» በ2024 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው)። ታሪኩ የሚፈጸመው ቴዳስ በምትባል ምድር ሲሆን፣ በዚያ ሰዎች፣ ከምድር በታች የሚኖሩ ድንኮች፣ ጆሯቸው የሾለ ኤልፎችና ሌሎችም ፍጡራን አሉ።

በጨዋታው ዘመን የኤልፎች ኑሮ የሚያሳዝን ነው። ከፊሎቹ በሰዎች ከተማ ውስጥ፣ በግንብ በታጠረ ሰፈር ተጨናንቀው፣ ለሰው እያገለገሉ ይኖራሉ። ዴሊሽ የሚባሉት ደግሞ ለማንም አንገዛም ብለው በየጫካው ይዞራሉ። ሁለቱም ወገኖች እንደ ሰው አርጅተው ይሞታሉ። በጥንት ጊዜ ግን፣ አርላታን በምትባል ታላቅ ከተማ ሲኖሩ፣ ሞት አያውቃቸውም ነበር ይባላል። መኖር የሰለቸው ሽማግሌ ኡቴኔራ ወደሚባል ረዥም እንቅልፍ ይገባ እንደ ነበር ዴሊሾች ለልጆቻቸው ያስተምራሉ።

ታዲያ ሞት ከየት መጣ? የዴሊሽ አባቶች መልስ አጭር ነው፤ «ከሰው መጣ» ይላሉ። ኤልፎች ከሰው ጋር በተገናኙ ጊዜ የሰው ችኰላ ተጋባባቸው፣ ማርጀትም ጀመሩ ነው ነገሩ። ሰውን የሚጠሩበት «ሸምለን» የሚለው ቃል እንኳ «ፈጣን ልጆች» እንደ ማለት ነው፤ ቶሎ ተወልዶ ቶሎ የሚሞት። አማልክቶቻቸው ለምን አልደረሱላቸውም ቢባል፣ ፌንሃሬል የተባለው ተኵላ አምላክ አታሎ ቈልፎባቸዋል የሚል መልስ ይሰጣል። ለዚህ ትምህርት ድጋፍ የሚመስል አንድ ነገር አለ፤ ከኤልፍና ከሰው የሚወለድ ልጅ በመልኩም በዕድሜውም ሰው ነው። ብዙ ተጫዋቾችም ይህን አይተው የአባቶችን ቃል ለረዥም ጊዜ ሳይመረምሩ ተቀብለውት ነበር።

ሰዎችም የራሳቸው ታሪክ አላቸው። በቴዳስ ከሁሉ የከፋውን መቅሠፍት ጨዋታው የሚጠራው በእህል በሽታ ስም ስለ ሆነ፣ እኔም ገበሬው በሚያውቀው ቃል «ዋግ» እለዋለሁ። ዋግ የያዘው ሰው ያብዳል፤ ዕፀዋት ይደርቃል፤ ከእርሱም የጨለማ ፍጡራን የሚባሉ አስቀያሚ ሠራዊት ይወጣሉ። ቻንትሪ የሚባለው የሰዎች ቤተ እምነት እንደሚያስተምረው፣ የቴቪንተር መንግሥት ጠንቋይ መኳንንት በትዕቢት ወደ ፈጣሪ ወርቃማ ከተማ ገብተው አረከሷት። ከተማይቱም ጠቈረች፣ እነርሱም የመጀመሪያዎቹ የጨለማ ፍጡራን ሆነው ወደ ምድር ተጣሉ።

እንግዲህ አንድ ስለ አለመሞት፣ አንድ ስለ ዋግ፣ ሁለት ታሪክ አለን፤ ሲታዩም የሚገናኙ አይመስሉም። የጨዋታው ወዳጆች ካቀረቧቸው መላ ምቶች መካከል በበኩሌ ሚዛን የሚደፉት «ሁለቱ አንድ ናቸው» የሚሉት ነበሩ። ምክንያቴን ላስረዳ።

የመጀመሪያው ፍንጭ እዚያው በኦሪጅንስ ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ብዙዎቻችን ግን እንደ ጎን ወሬ አይተን አልፈነዋል። ዛትሪያን የሚባል የዴሊሽ ጎሣ መሪ አለ። ብዙ መቶ ዓመት የኖረ ሰው ነው፤ ጎሣውም «የአባቶቻችንን አለመሞት መልሶ አገኘው» እያለ ይኰራበታል። ነገሩ ሲመረመር ግን ሌላ ሆኖ ተገኘ። ድሮ ሰዎች ወንድ ልጁን ገድለው ሴት ልጁን ደፍረውበት ነበር፤ እርሷም ራሷን አጠፋች። እርሱም ለበቀል ተነሥቶ አንድ የጫካ መንፈስ በደም አስማት ጠርቶ በታላቅ ተኵላ አካል ውስጥ አሰረና፣ በዚያ እርግማን ሰዎቹን ግማሽ ሰው ግማሽ ተኵላ አደረጋቸው። ወንጀለኞቹ ከሞቱ ስንት ዘመን አልፏል፤ እርግማኑ ግን ምንም ወዳልበደሉ ሰዎች እየተላለፈ ይኖራል። እርግማኑ እስካለ ድረስ ዛትሪያን አይሞትም። በተፈታ ጊዜ እዚያው ወድቆ ይሞታል።

ይህን ታሪክ ደግመን ብናነበው ኖሮ መልሱን ከዐሥራ አምስት ዓመት በፊት እናገኘው ነበር። የዛትሪያን ዕድሜ ከሰው ርቆ በመኖር የተገኘ የደም ንጽሕና ፍሬ አልነበረም። የራሱን ሕይወት ከሌላ ፍጡር ጋር አስሮ፣ ዕዳውን ሌላው እንዲከፍል ያደረገ ሰው ነበር።

ሁለተኛው ፍንጭ የሊቀ አጋንንቱ አሟሟት ነው። የጨለማ ፍጡራን ከምድር በታች ከተኙት ሰባት ጥንታዊ ዘንዶዎች አንዱን ቈፍረው ሲያገኙ ዋጉን ያስይዙታል፤ ያን ጊዜ ሊቀ አጋንንት ሆኖ ሠራዊቱን ይመራል። ተራ ወታደር ቢገድለው ነፍሱ በአጠገቡ ወዳለ የጨለማ ፍጡር ዘልላ ትገባና እንደ ገና ይነሣል። የሚያጠፋው ግራጫ ዘበኞች ከሚባለው ማኅበር የሆነ ሰው ብቻ ነው። ዘበኛው በማኅበሩ ሥርዓት የጨለማ ፍጡራንን ደም ስለ ጠጣ ዋጉን በሰውነቱ ተሸክሟል፤ የዘንዶው ነፍስም ወደ እርሱ ትዘልላለች። እዚያ ግን የዘበኛውን ነፍስ ስለምታገኝ ሁለቱም አብረው ይጠፋሉ። ከዚህ ዕጣ ያመለጠውን ዘበኛ 30 ዓመት ያህል ቈይቶ ዋጉ ራሱ ይጨርሰዋል። በኢንኩዊዚሽን ደግሞ ኮሪፊየስ የሚባል ከጥንቶቹ ጠንቋይ መኳንንት አንዱ ሲገደል፣ ዋግ በያዘው ሌላ አካል ውስጥ ሲነሣ እናያለን። እንግዲህ ያው አንድ በሽታ ለታናሹ ዕድሜ ማሳጠሪያ፣ ለጌታው ከሞት ማምለጫ መንገድ ነው። አንባቢ ይህን በልቡ ይያዝልኝ።

ሦስተኛው ከሁሉ ይልቅ የምወደው ነው፤ በሎጂክ ክፍል ቢቀርብ የማያሳፍር ክርክር ነውና። ሊሪየም የሚባል፣ ድንኮች ከምድር ውስጥ የሚቈፍሩት፣ አስማተኞች ኀይል የሚያገኙበት ማዕድን አለ፤ ቀለሙም ሰማያዊ ነው። በ2011ዱ ክፍል ከጥልቅ ጕድጓድ ቀይ ሊሪየም ወጣ፤ የያዘውን ሰው ያሳብዳል። በ2014ቱ ክፍል አንዲት ድንክ የእጅ ባለሙያ መርምራ ቀዩ ሊሪየም ዋግ የያዘው ሊሪየም መሆኑን ደረሰችበት። ዋግ የሚይዘው ሕይወት ያለውን ብቻ ነው፤ ሊሪየም ዋግ ይዞታል፤ ስለዚህ ሊሪየም ሕይወት አለው! ተጫዋቾቹም ወዲያው «ሕይወት ካለው የማን ሥጋ ነው?» ብለው ጠየቁ። መልሱ በ2015 በወጣ ተጨማሪ ክፍል መጣ። ከምድር በታች ታይታን የሚባሉ ተራራ የሚያህሉ ፍጡራን አሉ፤ ሊሪየም የእነርሱ ደም ነው።

ከዚህ በኋላ ቍጥር ቈጣሪዎቹ ተነሡ። የኤልፍ አማልክት ፌንሃሬልን ጨምሮ ዘጠኝ ናቸው። አሳሪውን ፌንሃሬልን ቀንሱ፤ ተገደለች የምትባለውን ሚታልን ቀንሱ፤ ሰባት ይቀራሉ። የቴቪንተር ሰዎች ያመልኳቸው የነበሩት ዘንዶዎችም ሰባት ናቸው። ስለዚህ የታሰሩት አማልክትና የተኙት ዘንዶዎች አንድ ነገር ሳይሆኑ አይቀሩም ተባለ። እኔ በዚያን ጊዜ ይህን አልተቀበልሁም፤ ሰባት ቍጥር በየተረቱ የሞላ ስለ ሆነ ብቻውን ምስክር አይሆንም ብዬ ነበር። ዳሩ ግን ደጋፊ ነበረው። በኢንኩዊዚሽን ከሚገኙ ጥንታዊ ጽሑፎች አንዱ፣ አንድሩኤል የተባለችው የአደን አምላክ ወደ ባዶው ጥልቅ እየወረደች ስታድን ዕብደትና ቸነፈር ይዛ እንደ ተመለሰች ይናገራል። ኮሪፊየስም በ2011 በወጣ ተጨማሪ ክፍል፣ ወደ ወርቃማይቱ ከተማ በገቡ ጊዜ ጥቁር ሆና እንዳገኟት ይመሰክራል። እርሱ ክፉ ሰው ነው፤ ነገር ግን ይህን በመዋሸት የሚያተርፈው ነገር አይታይም። የሁለቱ ቃል ከተገጣጠመ ዋጉ ከሰዎቹ በፊት በኤልፍ አማልክት እጅ ነበረ ማለት ነው።

መልሱ በሁለት ጊዜ ተሰጠ። በ2015 «ትረስፓሰር» በተባለው ተጨማሪ ክፍል፣ ከእኛ ጋር ሲጓዝ የቈየው ጸጥተኛው ሶላስ ፌንሃሬል እርሱ ራሱ መሆኑን ገለጠ። አማልክት የተባሉት ኤቫኑሪስ የሚባሉ ኀይለኛ አስማተኞች እንጂ አማልክት አልነበሩም። ሚታልን ስለ ገደሏት እነርሱን ለማሰር ሲል የሕልሙን ዓለም ከግዙፉ ዓለም የሚለይ መጋረጃ ዘረጋ። የኤልፎች ሕይወት በአስማቱ ላይ የቆመ ነበርና፣ መጋረጃው ሲዘረጋ ማርጀት ጀመሩ። የሰው ንኪት የሚባለው ነገር እንግዲህ ሐሰት ሆኖ ተገኘ።

በ2024 ደግሞ ቀሪው ተገለጠ። የመጀመሪያዎቹ ኤልፎች መናፍስት ነበሩ፤ አካል የሠሩትም ከታይታኖች ሊሪየም ነው። ታይታኖቹ በዚህ ተቈጥተው ጦርነት ሆነ። ሶላስ ከሊሪየም ጩቤ ሠርቶ ታይታኖቹን ከሕልማቸው ለያያቸው፤ የተቈረጠውም ሕልም በቍጣና በሕመም ተበላሽቶ ዋግ ሆነ። ኤቫኑሪስም ይህን ዋግ ለጦር መሣሪያነት ተመኙት። ሕይወታቸውንም ከሰባቱ ዘንዶዎች ጋር አሰሩ፤ አንዱ ዘንዶ ሲሞት ጌታው ሟች ይሆናል። ቍጥር ቈጣሪዎቹ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ እኔም ይቅርታ እጠይቃቸዋለሁ። ዛትሪያንስ? ያው መንፈስ በተኵላ ማሰሩ፣ ሕይወትን በሌላ ፍጡር ላይ ማንጠልጠሉ አይደለምን?

በዚህ ላይ የሚቀርበው ቅሬታ ቀላል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች ዋና ደራሲ ዴቪድ ጌይደር በ2016 ኩባንያውን ስለ ለቀቀ፣ ይህ መልስ በኋላ የተለጠፈ ነው የሚሉ አሉ። የዛትሪያንና የቀዩ ሊሪየም ነገር ቀደም ብሎ የተዘራ ስለ ሆነ ይህን አልቀበለውም። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ቅሬታ ነው። በጓደኛዬ አነጋገር ላስቀምጠው፤ «በሰፈር ታጥሮ የሚረገጥ ሕዝብ አሳይተውን፣ ዐሥራ አምስት ዓመት ካሳዘኑን በኋላ፣ የዓለም ክፋት ሁሉ ምንጭ የእርሱ አያቶች ናቸው አሉን። ይህ የረጋጩን እጅ ማጠብ አይደለምን?»

ይህን ሲለኝ ለጊዜው መልስ አጣሁ። ቈይቼ ግን ያሰብሁት የዴሊሾችን የፊት ንቅሳት ነው። ዴሊሾች ለአካለ መጠን ሲደርሱ ፊታቸውን ቫላስሊን በሚባል ንቅሳት ያስጌጣሉ፤ ለአማልክት ክብር ነው ይላሉ። ሶላስ በኢንኩዊዚሽን እንደሚገልጠው ግን ንቅሳቱ ጌቶች በባሮቻቸው ፊት ላይ ያሳርፉት የነበረ ምልክት ነው። እንግዲህ በአርላታን ኤልፍ ሁሉ አንድ አልነበረም። ታይታኖቹን የወጉት፣ ዋጉን የተመኙት፣ ዘንዶ ያሰሩት ኤቫኑሪስ ናቸው፤ ባሪያው የጌታውን ምልክት በፊቱ ተሸክሞ ይኖር ነበር። «ኤልፎች አጠፉ» ማለት ጌታና ባሪያን በአንድ ስም መጥራት ነው። የዴሊሽ አባቶችም ያለማወቅ የሠሩት ስሕተት ይኸው ነው፤ የጌቶቹን ታሪክ የራሳቸው ታሪክ አድርገው አወረሱ፣ የባርነቱን ምልክት ጌጥ አደረጉት። ቅሬታው በጨዋታው ላይ የሚጸናው በአንድ ነገር ነው። ቬይልጋርድ ይህን ልዩነት ለማሳየት በቂ ጊዜ አልሰጠም፤ በግንብ የታጠሩት የከተማ ኤልፎች ዜናውን ሲሰሙ ምን እንዳሉ እምብዛም አናይም። ጓደኛዬ እዚህ ላይ ልክ ነው።

አንድ ያልተፈታ ቋጠሮ ይቀራል። በኢንኩዊዚሽን በሚታል ቤተ መቅደስ ውስጥ አቤላስ በሚባል አለቃ የሚመሩ ጥንታውያን ጠባቂዎች አሉ። መጋረጃው ከመዘርጋቱ በፊት የነበሩ ናቸው፤ እስከ ዛሬም አልሞቱም። አርላታንን ያጠፋት ሰው ሳይሆን የኤልፎች የእርስ በርስ ጦርነት እንደ ሆነ በመጀመሪያ በግልጽ የተናገረውም አቤላስ ነው። በኡቴኔራ ተኝተው የሚነቁት ሲጠሩ ብቻ ስለ ሆነ፣ ዕድሜያቸውን የጠበቀው እንቅልፉ ይሆናል። ሶላስ ራሱም እንደዚሁ ተኝቶ ነው የቈየው። መጋረጃው ቢወድቅ እነዚህ ወደ ቀድሞ ሕይወታቸው ይመለሱ ይሆናል። ከመጋረጃው በኋላ የተወለደው፣ በግንቡ ውስጥ ያደገው ኤልፍ ግን አለመሞትን ያገኛል ወይስ አያገኝም? በመኝታ ክፍላችን ሁለቱ «ያገኛል» ሁለታችን «አያገኝም» ብለን ተለያይተናል።