ዘመድ ጥየቃ ሐምቡርግ፦ ወደቡን በኗሪዎቹ ዓይን

በስደት የምንኖር ሰዎች «ለዕረፍት ሄድን» ስንል አብዛኛውን ጊዜ «ዘመድ ልንጠይቅ ሄድን» ማለታችን ነው። ሆቴል ይዞ፣ ካርታ ገዝቶ አገር የሚያይ ሐበሻ አይጠፋም፤ ብዙዎቻችን ግን የዓመት ፈቃዳችንን የምናሳልፈው በአክስት፣ በአጎት ወይም በአብሮ አደግ ቤት ነው። ውጤቱም ይታወቃል። ስንት ሰዓት በርሮ የደረሰ እንግዳ ሳሎን ይቀመጣል፣ ዶሮ ወጥ ይቀርባል፣ ቡና ይፈላል፣ በረካው ሳይጠጣ ሌላ ዘመድ ይመጣል፣ የአገር ቤት ወሬ ይነሣል፣ ቴሌቪዥኑ እንደተከፈተ ይመሻል። ሳምንቱ ሲያልቅ ከከተማው የተረፈን ባቡር ጣቢያው በር ላይ የተነሣነው ፎቶግራፍ ብቻ ይሆናል። ለወቀሳ አይደለም፤ የተሄደው ለሰው ነውና። ይሁን እንጂ ሰውን መጠየቅና አገር ማየት የሚጣሉ ነገሮች አይደሉም። በተለይ በትልቅ የወደብ ከተማ ዘመድ ያለው ሰው የትኛውም አስጎብኚ ሊሰጠው የማይችለው መንገድ መሪ አለው። ይህንን በሐምቡርግ ምሳሌነት ላስረዳ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ባለፈው የፈረንጆች በጋ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር ከቨርጂኒያ ተነሥተን አክስቴ ዘንድ ስምንት ቀን ሰነበትን። አክስቴና ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ባለቤታቸው የሚኖሩት ቪልሄልምስቡርግ በሚባለው ሰፈር ነው። ሰፈሩ ደሴት ነው፤ የኤልበ ወንዝ ለሁለት ተከፍሎ ዙሪያውን ያቅፈዋል። ከውጭ የመጣ ሠራተኛ የሚበዛበት፣ ቱርክኛውም ፖላንድኛውም በአንድ ደረጃ ላይ የሚሰማበት አካባቢ ነው። መሬቱ ዝቅተኛ ስለሆነ በከፍተኛ የአፈር ግድብ ተከብቧል። ግድቡ ሣር ለብሷል፣ የማታ ሽርሽር የሚደረገውም በሱ ላይ ነው። ልጆቹ ኮረብታ መስሏቸው ነበር። ታሪኩ ግን ከባድ ነው፦ በፌብሩዋሪ 1962፣ ከ16 ለ17 አጥቢያ፣ ከሰሜን ባሕር የተነሣው ማዕበል ውሃውን ወደ ወንዙ ገፍቶ ግድቦቹን ሰበረ። በሐምቡርግ 315 ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ በዚሁ ደሴት ላይ ነበሩ። ብዙዎቹም በጦርነቱ ቤታቸውን አጥተው በአትክልት ቦታ በተሠሩ ደሳሳ ጎጆዎች የሚኖሩ ድሆች ነበሩ። የኋላው የጀርመን መራሔ መንግሥት ሄልሙት ሽሚት ስማቸው መጀመሪያ በአገሪቱ የታወቀው ያኔ የከተማዋ የፖሊስ ጉዳይ ኃላፊ ሆነው ጦሩን ለእርዳታ በመጥራታቸው ነው። ቤት ኪራይ በረከሰበት ሰፈር የሚኖር ሰው ለምን እዚያ እንደረከሰ ያውቃል፤ ግድቡን ያሳዩን አክስቴ ናቸው።

ሐምቡርግ ባሕር ዳር ያለች የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ባሕሩ ግን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ያም ሆኖ የባሕሩ መሙላትና መጉደል በወንዙ ሽቅብ ተጉዞ በቀን ሁለት ጊዜ ከተማዋ ድረስ ይደርሳል። በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው ልዩነት ሦስት ሜትር ተኩል ያህል ነው፤ አንድ ፎቅ ከፍ ብሎ አንድ ፎቅ ዝቅ ይላል እንደማለት ነው። ላንዱንግስብሩከን በተባለው የጀልባ መሳፈሪያ ቦታ ይህንን በእግር መለካት ይቻላል። መሳፈሪያው በምድር ላይ አልተተከለም፣ በውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ከምድር ጋር የሚያገናኙት ድልድዮች ናቸው። ጠዋት ሄደን ድልድዩ ሜዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ የልጅ ጋሪ የሚገፋ ሁሉ ወደ ላይ እየተነፈሰ ይወጣ ነበር። ወደ ውሃው ጠልቀው የሚሄዱት ትልልቅ መርከቦችም ለመግባትና ለመውጣት ሙላቱን ይጠብቃሉ። ጋሼ ሲያስረዱን «እዚህ አለቃው ሰዓት አይደለም፣ ውሃው ነው» አሉ።

ጋሼ ይህን የሚናገሩት ከመጽሐፍ አንብበው አይደለም። በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከአሰብ በምትነሣ የኢትዮጵያ መርከብ ላይ መርከበኛ ነበሩ። በ1964 የተቋቋመው የኢትዮጵያ የመርከብ ድርጅት መርከቦች የአውሮፓን ወደቦች ያዳርሱ በነበረበት ዘመን ማለት ነው። አንድ ማታ ሐምቡርግ ላይ ወረዱ፣ አልተመለሱም። ለምን እንደወረዱ ያንን ዘመን ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያሻም። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እዚያው ወደብ ሠሩ። ሆኖም ስንት እንግዳ ተቀብለው ሲሸኙ አንድም ሰው ወደቡን አሳየን ብሏቸው አያውቅም። የሚጠየቁት የገበያ አዳራሽ የት እንዳለ ነው።

እሳቸው የመሩን መንገድ ከአስጎብኚዎቹ መንገድ በሁለት ነገር ይለያል፤ ይረክሳል፣ የሚያልፈውም ሥራ በሚሠራበት በኩል ነው። ለቱሪስት የተዘጋጁት ጀልባዎች ዋጋቸው ቀላል አይደለም። 62 ቁጥር ጀልባ ግን እንደ ከተማ አውቶቡስ ነው፤ በተራው የከተማ ትራንስፖርት ትኬት ይሳፈሩታል፣ ከላንዱንግስብሩከን ተነሥቶ እስከ ፊንከንቬርደር ይደርሳል። ከላይኛው ወለል ላይ ሆነው አንዱን የወንዝ ዳር ከነቤቶቹ፣ ሌላውን ከነክሬኖቹ ያያሉ። በመካከሉ ኖይሙለን ላይ ቢወርዱ አሸዋማ ዳርቻ አለ። እዚያ የተቀመጠው 217 ቶን የሚመዝን ድንጋይ በ1999 ወንዙ ሲጠለቅ ከሥሩ የወጣ ነው። በበረዶ ዘመን ከስዊድን ተገፍቶ የመጣ ስለሆነ «ሽማግሌው ስዊድናዊ» ይሉታል። ትንሿ ልጄ «እሱም ስደተኛ ነው?» ብላ ጠየቀች። ጋሼ «እሱማ ወረቀቱን አግኝቷል» አሏት።

ከመሳፈሪያው አጠገብ ደግሞ በ1911 የተከፈተው የወንዝ ሥር መተላለፊያ አለ። በሊፍት ወይም በደረጃ 24 ሜትር ያህል ወርደው 426 ሜትር በእግር ይሻገራሉ፤ ለእግረኛ በነጻ ነው። የተሠራው ለጎብኚ ሳይሆን ማዶ ባሉት የመርከብ መሥሪያዎችና የወደብ መራገፊያዎች ለሚሠራው ሕዝብ ነበር። ግድግዳው ላይ ከሸክላ የተቀረጹ ዓሣዎችና ሸርጣኖች አሉ፤ ጋሼ ግን የተጣለ አሮጌ ጫማ የተቀረጸበትን ፈልገው ነው ያሳዩን።

ወደ መጋዘን ሰፈሩ ልለፍ። ሽፓይኸርሽታት ይሉታል፣ በቀጥታ «የመጋዘን ከተማ» ማለት ነው። ለኛ ለቡና አገር ሰዎች ከሐምቡርግ ሁሉ ሊታይ የሚገባው ይህ ይመስለኛል። ሐምቡርግ በ1888 ከጀርመን የቀረጥ ግዛት ጋር ስትቀላቀል አንድ ነገር ተፈቀደላት፦ በወደቡ ውስጥ በአጥር የተከለለ፣ ዕቃ ቀረጥ ሳይከፈልበት የሚራገፍበት፣ የሚከማችበትና ተመልሶ የሚጫንበት ቦታ። ለዚያ ሲባል ከ1883 ጀምሮ ሁለት የመኖሪያ ሰፈሮች ፈርሰው ወደ 20 ሺህ ሰው ተነሣ፤ በቦታው በቀይ ጡብ የተገነቡ፣ በእንጨት ምሰሶዎች ላይ የቆሙ መጋዘኖች ተሠሩ። እያንዳንዱ መጋዘን ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ወደ መንገድ፣ አንዱ ጀልባ ወደሚገባበት ቦይ። ከጣሪያው ሥር ዕቃ መሳቢያ መንጠቆ ይታያል። በፎቆቹ ቡና፣ ሻይ፣ ቅመማ ቅመምና ምንጣፍ ይከማች ነበር። በ2015 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ከቀረጥ ነጻ የነበረው ወደብ ግን በ2013 መግቢያ ላይ ፈጽሞ ቀርቷል። ዛሬ መጋዘኖቹ ቢሮ፣ ቤተ መዘክርና ቡና ቤት ሆነዋል።

ጋሼ ከመርከብ እንደወረዱ የሠሩት በአንደኛው መጋዘን ነበር። 60 ኪሎ የሚመዝን የቡና ጆንያ በጀርባቸው። የብራዚል አለ፣ የኮሎምቢያ አለ፣ አልፎ አልፎ የኛም ይመጣል። የሐረርን በሽታው እለየው ነበር ይላሉ። ጆንያው ላይ «ኢትዮጵያ» የሚለውን በላቲን ፊደል ያዩ ጊዜ፣ ቡናውና እሳቸው በአንድ መንገድ መጥተው ቡናው ወደ ቆይው፣ እሳቸው ወደ ጆንያው እንደሄዱ ይናገራሉ። ወገባቸው ሲጎዳ ሥራ ለወጡ፤ በመርከብ ላይ ኮንቴይነር የማሰር ሥራ ያዙ። ይህን ሲያወሩ ከአጠገባችን የቆመችው ልጃቸው እዚያው ሐምቡርግ ተወልዳ ያደገች፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ የሆናት ሴት ናት። በዚያ ድልድይ ላይ ስንት ጊዜ እንዳለፈች እሷ ታውቃለች። «አባባ፣ እዚህ ነበር የምትሠራው?» አለች። «አዎ፣ ሦስተኛው ፎቅ» አሏት። ቤት ውስጥ ለሠላሳ ዓመት «አባት ወደብ ነው የሚሠራው» ሲባል ኖሯል። ምን እንደተሸከመ ግን አልተነገረም።

የቡናው ሽታ ዛሬ ከሰፈሩ የጠፋው ሐምቡርግ ቡና ማስገባት ስላቆመች አይደለም። አሠራሩ ተለውጦ ነው። በ1968 የመጀመሪያዋ የኮንቴይነር መርከብ ገባች፤ ከዚያ ወዲህ ጆንያ በጀርባ መሸከም ቀስ በቀስ ቀረ። በጅቡቲ በኩል የሚወጣው ቡናችን ኮንቴይነር ውስጥ ተዘግቶ ይደርሳል፣ ወደ ሩቅ ዘመናዊ መጋዘን በቀጥታ ይሄዳል፣ በከተማው መካከል ማንም አያየውም። በ2024 ወደቡ 7.8 ሚሊዮን ያህል ኮንቴይነር (በሃያ ጫማ መለኪያ) አስተናግዷል። አሁን የሚመጡት ትልልቆቹ መርከቦች ርዝመታቸው 400 ሜትር ነው። በ2002 ሥራ በጀመረው የአልተንቬርደር ማራገፊያ ደግሞ ኮንቴይነሩን ከክሬን ወደ ማከማቻ የሚያጓጉዙት ተሽከርካሪዎች ሹፌር የላቸውም። አልተንቬርደር መንደር ነበረች። ለወደቡ ማስፋፊያ ተብሎ ነዋሪዎቿ በሙሉ ተነሡ፣ ቤቶቹ ፈረሱ፤ ቤተ ክርስቲያኗ ብቻ ከነመቃብሯ በዛፎች ተከባ ቀርታለች። ወደብ ሲያድግ ሰው ይነሣል፤ በ1883ም እንዲያ ነበር።

ሌላውን በአጭሩ። ልጆች ያሉት ሰው በመጋዘን ሰፈሩ ውስጥ በ2001 የተከፈተውን የትንንሽ ባቡሮች ዓለም ሳያሳይ አይመለስ፤ በዓለም ትልቁ እንደሆነ ይነገራል፣ ትኬቱ አስቀድሞ ይያዝ። የእሑድ ጠዋቱ የዓሣ ገበያ ከ1703 ጀምሮ የነበረ ነው፤ በበጋ ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ይጀምራል። የሻጮቹ ጩኸት መርካቶን ያስታውሳል፤ አክስቴ «እዚህ ግን መከራከር የለም» ብለው ከሻጩ ጋር ተከራከሩ። በ1943 በአየር ድብደባ የፈረሰው የቅዱስ ኒኮላስ ቤተ ክርስቲያን ግንብ እንደ መታሰቢያ ቆሟል። ንባብ ለሚወድ ደግሞ፦ ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጽ የወጣው ስለ ኢትዮጵያና ስለ ኤርትራ የሚተርከው ትልቁ መድበለ ዕውቀት «ኢንሳይክሎፔዲያ ኤቲዮፒካ» የተዘጋጀው በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ነው።

እንግዳ ሆኖ አገር ማየት ባለቤቶቹን እንዳያስቸግር ጥቂት ዘዴ ይፈልጋል። ዘመዶቻችን አብዛኞቹ በፈረቃ የሚሠሩ ናቸው፤ እኛ ስንመጣ ፈቃድ ይወስዳሉ፣ ካልቻሉም ሳይተኙ ያስተናግዱናል። እኛ ከአክስቴ ጋር የተስማማነው እንዲህ ነበር፦ ጠዋት እኛ እንወጣለን፣ ማታ ቡና ላይ እንገናኛለን፤ ጋሼ ደስ ባላቸው ቀን ይመሩናል፤ ውጭ የሚበላው ምሳ በኛ ነው። አክስቴ የመጨረሻውን አንቀጽ ለመቀበል ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ሮተርዳምም ሆነ ማርሴይ፣ ሲያትልም ሆነ ጅዳ ዘመድ ያለው ሰው ይህንኑ ማድረግ ይችላል። መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን የሚታይ አለ?» ሳይሆን «እዚህ መጀመሪያ የሠራችሁት የት ነው?» የሚለው ቢሆን መልካም ነው። አንዳንዱ መመለስ አይፈልግ ይሆናል፤ ያኔ መተው ነው።

ከመሄዳችን በፊት በነበረው ቀን ከአክስቴ ሰፈር ጥቂት ራቅ ወዳለው ፌደል ሄድን፤ ባሊንሽታት የተባለው የስደተኞች ቤተ መዘክር በ2007 የተከፈተው እዚያ ነው። ከ1850 እስከ 1930ዎቹ ማብቂያ ወደ 5 ሚሊዮን ሰው በሐምቡርግ በኩል ወደ አሜሪካና ወደ ሌላው ዓለም ተሰድዷል፤ ጀርመኑ፣ ፖላንዱ፣ ከሩሲያ ግዛት የሚሸሸው አይሁድ። በ1892 ከተማዋን ኮሌራ ገብቶባት ከ8 ሺህ ሰው በላይ ጨረሰ። ጣት የተቀሰረው በነዚህ መንገደኞች ላይ ነበር። ምርመራው ግን ሌላም ነገር አሳየ፦ ሐምቡርግ የኤልበን ውሃ ሳታጣራ ለሕዝቧ ታጠጣ ነበር፤ ውሃዋን አጣርታ የምታጠጣው ጎረቤቷ አልቶና በጣም ያነሰ ሰው ነው የሞተባት። ከዚያ በኋላ በአልበርት ባሊን የሚመራው የመርከብ ኩባንያ በ1901 ለተጓዦቹ ማደሪያ አዳራሾች ሠራ። ሐኪም ይመረምራል፣ ሻንጣ በእንፋሎት ይታጠናል፣ የታመመ ተለይቶ ይቆያል።

በቤተ መዘክሩ የተሳፋሪዎቹን መዝገብ መፈለግ ይቻላል። ከ1850 እስከ 1934 ያለው የሐምቡርግ መዝገብ ከጦርነቱ ተርፏል፤ ስም፣ ዕድሜ፣ ሥራ፣ የመጡበት መንደር ሁሉ ሰፍሯል። አንድ አሜሪካዊ ቤተሰብ የቅድመ አያቱን ስም አግኝቶ ሲያለቅስ አጠገባችን ነበር። ጋሼ ብዙ ጊዜ ቆመው አዩ። ከዚያ «የኛን ማን መዘገበው?» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

በዚያው ማታ ልጃቸው ደብተር ይዛ ጎናቸው ተቀመጠች። የሠሩባቸውን መርከቦች ስም፣ ያረፉባቸውን ወደቦች፣ የአለቆቻቸውን ስም እየጠየቀች ትጽፋለች። አንዳንዱን በጀርመንኛ፣ የማይጻፈውን በአማርኛ። ባለፈው ሳምንት ስንደዋወል አሰብን ጨርሰው ፖርት ሳይድ ደርሰዋል።